ቶሌዶን የሚዞራት መስመር

ከኦሃዮዋ ኮሎምበስ ተነስታችሁ በ23፣ ቀጥሎም በ15 ቁጥር መንገድ ወደ ሰሜን ስትነዱ ፊንድሌይ ላይ ሀይዌይ 75 ውስጥ ትገባላችሁ። ከዚያ በኋላ መሬቱ እንደ ምጣድ ነው። ጉብታ የለ፣ ሸለቆ የለ። በቆሎ፣ አኩሪ አተር፣ እንደገና በቆሎ። ከእርሻው ጎን በገመድ የተለካ የሚመስል ቀጥ ያለ የውኃ ቦይ አብሯችሁ ይሄዳል። ፔሪስበርግ አካባቢ አንድ ትልቅ ነጭ መስጊድ ከነሚናራው ብቅ ይላል። ትንሽ ቆይቶ የማውሚ ወንዝ፣ ከዚያ ቶሌዶ።

ሚሺጋን ዘመድ ጥየቃ ስንሄድ ቶሌዶ ለእኔ ቤንዚን የምንቀዳባት ከተማ ነበረች። ቆመን ቡና ገዝተን እንቀጥላለን። የምርጫ ካርታ ነገር ውስጤ የገባው በኋላ ነው፤ ያኔ ነው ይቺ ዝም ብላችሁ የምታልፏት ከተማ ከ190 ዓመት በላይ መስመር ሲሰመርባት፣ ሲፋቅባት፣ እንደገና ሲሰመርባት እንደኖረች የገባኝ። አሁንም አልበቃትም። ቶሌዶ የምትገኝበት የኦሃዮ 9ኛው የኮንግረስ ዲስትሪክት በ2026ቱ ምርጫ አገር ሁሉ አፍጥጦ ከሚያያቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው። (ቀኑንም ወሩንም ዓመቱንም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ አለዚያ እኔም እናንተም እንጠፋለን።)

መጀመሪያ ስለ አሠራሩ ትንሽ ልበል። የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት 435 መቀመጫ አለው። በየ10 ዓመቱ ሕዝብ ይቆጠርና መቀመጫው ለክፍለ ግዛቶች እንደገና ይደለደላል። ኦሃዮ በ1960ዎቹ 24 ነበራት። ሕዝቧ ከሌላው እኩል ስላላደገ እየቀነሰ መጣ፤ ከ2010ሩ ቆጠራ በኋላ ከ18 ወደ 16 ወረደች፣ ከ2020ው በኋላ ወደ 15። አሁን አንድ ዲስትሪክት 786 ሺህ ሰው ገደማ ይይዛል። ቁጥሩ እኩል መሆን አለበት። ቅርጹ ግን? ቅርጹን ሰዎች ይስሉታል። ጣጣው ያለው እዚያ ላይ ነው።

ቅርጫ የገባ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። በሬው ይታረዳል፣ ሥጋው መደብ በመደብ ይደለደላል፣ ከዚያ ዕጣ ይጣላል። የሚደለድለው ሰው የትኛው መደብ እንደሚደርሰው አያውቅም። ስለዚህ ሻኛውንም፣ ጉበቱንም፣ አጥንቱንም እኩል ለማድረስ ይጨነቃል። የኦሃዮ ካርታ ዕጣ የሌለው ቅርጫ ነው። ቢላዋ የያዘው ፓርቲ ይደለድላል፣ ያው ፓርቲ ቀድሞ ያነሳል። አሜሪካኖች ጄሪማንደሪንግ ይሉታል። ስሙ ኤልብሪጅ ጄሪ ከሚባል የማሳቹሴትስ ገዥ የመጣ ነው፤ በ1812 ለፓርቲው የሚመች የተጣመመ ካርታ ላይ ፈርሞ ስሙ ስድብ ሆኖ ቀረ። አሁን ያንን ስድብ ሁለቱም ፓርቲ ይሠራበታል፣ ሁለቱም ሌላውን ይከስበታል።

ወደ ቶሌዶ ልመለስ። የእሷ የመስመር ጣጣ የጀመረው ገና ከተማ ሳትሆን ነው። በ1787 የወጣው የሰሜን ምዕራብ ግዛት ሕግ፣ በኋላ ኦሃዮና ሚሺጋን የሆኑትን የሚለየው ድንበር ከሚሺጋን ሐይቅ ደቡባዊ ጫፍ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ወደ ምሥራቅ እንዲሄድ ይላል። ጥሩ። ግን የዚያ ዘመን ካርታ የሐይቁን ጫፍ ከእውነተኛ ቦታው ወደ ሰሜን አርቆ ነበር የሳለው። በካርታው ከሄዳችሁ የማውሚ ወንዝ አፍ፣ ማለትም የዛሬዋ ቶሌዶ፣ የኦሃዮ ነው። መሬት ላይ ወርዳችሁ ከለካችሁ የሚሺጋን ነው። በ1817 አንድ ቀያሽ ለኦሃዮ የሚመች መስመር አሰመረ፣ በ1818 ሌላው ለሚሺጋን የሚመች። በሁለቱ መካከል 468 ስኩዌር ማይል መሬት የሁለቱም ሆኖ ቁጭ አለ።

በ1835 ነገሩ ፈላ። ሁለቱም ሚሊሻ አሰለፉ። የሚሺጋኑ ገዥ ስቲቨንስ ሜሰን ገና 23 ዓመቱ ነበር፣ ወጣትና ግልፍተኛ። ታሪክ "የቶሌዶ ጦርነት" ይለዋል፣ ግን የሞተ ሰው የለም። የቆሰለው አንድ ነው። እሱም እንዲህ ነው፦ ቶሌዶ ውስጥ ስቲክኒ የሚባል ሰው ነበር፣ ልጆቹን "አንድ" እና "ሁለት" ብሎ ነው ስም ያወጣላቸው። እውነቴን ነው። ሊይዘው የመጣውን የሚሺጋን ምክትል ሸሪፍ "ሁለት" በሰንጢ ወጋው። ሸሪፉም ተረፈ። የጦርነቱ ደም በሙሉ ይኸው ነው።

እኔ የምወደው ግን የባርኔጣውን ታሪክ ነው። ኦሃዮ አካባቢውን አዲስ ካውንቲ አድርጋ በገዥዋ በሮበርት ሉካስ ስም ሉካስ ካውንቲ ብላ ሰየመችው። በሕግ ፊት "ይኸው እኛ ነን የምናስተዳድረው" ለማለት እዚያው ቶሌዶ ላይ ችሎት መቀመጥ ነበረበት። ቀኑ ደግሞ ተቆርጧል፣ መስከረም 7 ቀን 1835። የሚሺጋን ሚሊሻ ከደረሰ ሁሉንም ያስራል። ስለዚህ የኦሃዮ ዳኞች ቀኑ እንደገባ፣ ገና በውድቅት ሌሊት፣ በጨለማ ገብተው ለጥቂት ደቂቃ ተሰየሙ። ጸሐፊው ቃለ ጉባኤውን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ባርኔጣው ውስጥ ወሸቀው። ሥራው አለቀና ወደ መጠጥ ቤት ጎራ አሉ። አንድ አንድ እንደቀመሱ "ሚሺጋኖች መጡ!" የሚል ወሬ ተሰማ። እግሬ አውጪኝ ሲሉ የዛፍ ቅርንጫፍ የጸሐፊውን ባርኔጣ መትቶ ጣለው። ወረቀቱም አብሮ። ፈርተውም ቢሆን ተመልሰው በጨለማ ዳብሰው አገኙት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የምንለው እኛ ብቻ አይደለንም ማለት ነው።

መጨረሻው ዋሽንግተን ላይ ተቋጨ። ኦሃዮ ቶሌዶን ወሰደች። ሚሺጋን በካሳ መልክ ሰሜናዊውን ባሕረ ገብ መሬት ተሰጥቷት በጥር 1837 ሙሉ ክፍለ ግዛት ሆነች። ያኔ "ብርድና ጫካ ሰጡን" ብለው አልቅሰው ነበር። ብዙም ሳይቆይ መዳብና ብረት ወጣበት። እኛ ኮሎምበስ ያለን ደግሞ የዚህን ቂም ትርፍራፊ በየዓመቱ በእግር ኳሳቸው ሰሞን እናየዋለን፤ በዚያ ሳምንት የሚሺጋንን ሹራብ ለብሶ ሥራ መግባት ድፍረት ይጠይቃል።

ያ ምጣድ የመሰለ ሜዳ ድሮ ሜዳ አልነበረም። ረግረግ ነበር። ታላቁ ጥቁር ረግረግ ይሉታል። ከኢሪ ሐይቅ ምዕራባዊ ጫፍ እስከ ኢንዲያና ጠረፍ ድረስ የተዘረጋ ጫካ፣ ጭቃና ወባ። ሰው የሚሸሸው ቦታ ነበር። ከ1850ዎቹ ጀምሮ ገበሬዎች፣ አብዛኞቹ ጀርመኖች፣ ቦይ እየቆፈሩ፣ ከመሬቱ ሥር የሸክላ ቱቦ እየቀበሩ አደረቁት። ከሥሩ የወጣው አፈር ጥቁርና ለም ነው። በየእርሻው ጎን የምታዩት ቀጥ ያለ ቦይ የዚያ ሥራ ነው።

ቦዩ ውስጥ ያለው ውኃ አብዛኛው ማውሚ ወንዝ ይገባል። ማውሚ ቶሌዶ ላይ ኢሪ ሐይቅ ውስጥ ይፈስሳል። ኢሪ ከአምስቱ ታላላቅ ሐይቆች በጥልቀት የመጨረሻው ነው፣ በቶሌዶ በኩል ያለው ጫፍ ደግሞ ከራሱ ከኢሪም ይብሳል። ጥልቀቱ ትንሽ፣ ሙቀቱ ብዙ። ከእርሻው የታጠበ ማዳበሪያ ሲገባበት በበጋ አረንጓዴ ቀለም የተደፋበት ይመስላል። አልጌ ነው።

ነሐሴ 2 ቀን 2014፣ ቅዳሜ ለሊት 8 ሰዓት ገደማ በእኛ አቆጣጠር፣ የቶሌዶ ከተማ አስተዳደር የቧንቧ ውኃ እንዳትጠጡ አለ። ማፍላትም አይጠቅምም፣ እንዲያውም መርዙን ያጠናክረዋል። ከ400 ሺህ በላይ ሰው፣ ዓለም ላይ ካሉት የጨው አልባ ውኃ ክምችቶች ትልልቆቹ ካሉበት ቦታ ዳር ተቀምጦ፣ የሚጠጣው ውኃ አጣ። ጎህ ሳይቀድ የሱቅ መደርደሪያ ባዶ ሆነ። ሰዉ መኪናውን አስነስቶ ውኃ ፍለጋ ወዴት ሄደ? ወደ ሚሺጋን። ሰኞ ዕለት ክልከላው ሲነሳ ከንቲባው ካሜራ ፊት አንድ ብርጭቆ ጠጥተው አሳዩ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ2019፣ የቶሌዶ ነዋሪ "ሐይቁ ራሱ መብት አለው" የሚል ሕግ በድምፁ አጸደቀ። ገበሬ ከሰሰ፣ በ2020 የፌደራል ዳኛ ሕጉን ሻረው።

ይህን ያነሳሁት ለጨዋታ አይደለም። የዚህን ዲስትሪክት ፖለቲካ ወደ አንድ ነገር ጨምቅ ብትሉኝ ይኸው ነው የምላችሁ፦ ላይ የሚያርስ አለ፣ ታች የሚጠጣ አለ። የሚያርሰው ሪፐብሊካን ይመርጣል፣ የሚጠጣው ዴሞክራት። መስመሩ የሚሰመረው አንዱን ከሌላው ጋር በምን ያህል መጠን ለመቀላቀል ነው።

ታች ያለው ለምን ዴሞክራት ሆነ? ፋብሪካ። ቶሌዶን "የመስታወት ከተማ" ይሏታል፤ ኤድዋርድ ሊቢ የሚባል ባለፋብሪካ በ1888 መስታወት ሥራውን ከማሳቹሴትስ ነቅሎ አምጥቶ ተከለባት። ከዚያ መኪና መጣ። አያቶቻችን ሳይቀሩ የሚያውቁት ጂፕ፣ ያ ጣሪያው ሸራ የሆነው፣ ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት በብዛት የተመረተው ቶሌዶ ነው። ዛሬም ራንግለር የሚባለው ጂፕ የሚገጣጠመው እዚያው ነው። ፋብሪካው ፖላንዱን፣ ሃንጋሪውን፣ ሊባኖሱን፣ ከደቡብ የተሰደደውን ጥቁር አሜሪካዊ ሁሉ ሳበ። በ1934 አውቶ ላይት በሚባል የመኪና ዕቃ ፋብሪካ ሠራተኛው አድማ መታ። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ፋብሪካውን ከበበ። የብሔራዊ ዘብ ወታደሮች ተኩሰው ሁለት ሰው ገደሉ። ማኅበሩ ግን ታወቀለት። ከዚያ ወዲህ ቶሌዶ ውስጥ የሠራተኛ ማኅበርና ዴሞክራት አንድ ቤተሰብ ሆኑ።

የእነዚህ ሰዎች ልጅ ናቸው ማርሲ ካፕተር። በ1946 ቶሌዶ የተወለዱ፣ የፖላንድ ዘር። እናታቸው የካንዴላ ፋብሪካ ሠራተኛና ማኅበሩን ካቋቋሙት አንዷ፣ ቤተሰቡ ደግሞ ትንሽ ግሮሰሪ ነበረው። መቀመጫውን ከ1955 ጀምሮ የያዙት ሌላ ዴሞክራት፣ ቶማስ አሽሊ፣ በ1980 በሬገን ማዕበል ተጠርገው ነበር። ወንበሩን ሪፐብሊካኑ ኤድ ዌበር ወሰዱት። በ1982፣ ሥራ አጥነት አናቱ ላይ በወጣበት ዓመት፣ ካፕተር አስመለሱት። ከጥር 1983 ጀምሮ አልተነሱም። በኮንግረስ ታሪክ እንደ እሳቸው ረጅም ዘመን ያገለገለች ሴት የለችም።

ሰው ለምን ደጋግሞ ይመርጣቸዋል ለሚል ሰው አንድ ነገር ልንገረው። 1987 ነው። ሉካስ ካውንቲ ገጠሩ ጋ ዓሣ ተጠብሶ የሚበላበት የሰፈር ዝግጅት ላይ አንድ የጦር ዘማች፣ ጡረታ የወጣ ፖስታ አመላላሽ፣ ከሕዝቡ መሃል ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠየቃቸው፦ ዋሽንግተን ላይ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት መታሰቢያ ለምን የለም? እሳቸውም የኢዎ ጂማው ሐውልት አለ አሉ። ሰውየው እሱ የባሕር ወለድ ወታደሮች ብቻ ነው ብሎ መለሰላቸው። ሄደው አጣሩ፣ እውነቱን ነው። ረቂቅ አቀረቡ፣ ወደቀ፣ ደገሙ፣ ደጋገሙ። ሕጉ በ1993 ተፈረመ። መታሰቢያው በ2004 ሲከፈት ጠያቂው ሞቶ ነበር። ዋሽንግተን ሄዳችሁ ፏፏቴው ጋ ፎቶ የተነሳችሁ ሁሉ፣ ነገሩ የተጀመረው ቶሌዶ አጠገብ በተጠበሰ ዓሣ ላይ ነው።

በዚያው በ1993 ካፕተር የራሳቸው ፓርቲ ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን የገፋበትን የሰሜን አሜሪካ የንግድ ስምምነት ተቃውመው ድምፅ ሰጡ። ፋብሪካ ወደ ሜክሲኮ ይሄዳል አሉ። ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ከ2010ሩ ቆጠራ በኋላ ኦሃዮ ሁለት መቀመጫ ስታጣ ቢላዋው በሪፐብሊካኖች እጅ ነበር። ካርታው የተሳለው እዚሁ እኛ ከተማ፣ ኮሎምበስ፣ ሠራተኞቻቸው በተከራዩት ሆቴል ክፍል ውስጥ ነው። "ምሽጉ" ይሉት ነበር ራሳቸው፤ ይህ በኋላ የወጣ ነገር ነው። ለ9ኛው ዲስትሪክት የወጣለት ቅርጽ ጉድ ነበር። ከቶሌዶ ተነስቶ የሐይቁን ዳር ዳር ይዞ እስከ ክሊቭላንድ ይሄዳል። ርዝመቱ ከ100 ማይል በላይ፣ ስፋቱ አንዳንድ ቦታ ድልድይ ብቻ። ሳንደስኪ የባሕር ሰላጤ ላይ ዲስትሪክቱን ከራሱ ጋር የሚያገናኘው ድልድይ ነው፣ ሌላ የለም። ሰዉ "የሐይቁ እባብ" አለው።

እባቡ ሁለት ሥራ ሠራ። አንደኛ፣ የሐይቁን ዳር ዴሞክራት ሁሉ አንድ ከረጢት ውስጥ ከተተው፤ ካፕተር በሰፊ ልዩነት ያሸንፉ፣ በዙሪያው ያሉት ወንበሮች ግን ለሪፐብሊካን ይቅለሉ ነው ነገሩ። ሁለተኛ፣ ሁለት ዴሞክራት እርስ በርስ አባላ። የክሊቭላንዱ ዴኒስ ኩሲኒች፣ ሁለት ጊዜ ለፕሬዚዳንትነት የሞከሩት፣ ወንበራቸው ስለፈረሰ በ2012 ፕራይመሪ፣ ማለትም በፓርቲው የውስጥ ምርጫ፣ ከካፕተር ጋር ተፋጠጡ። ካፕተር አሸነፉ። በዋናው ምርጫ የገጠማቸው ደግሞ በ2008 ኦባማን ስለ ግብር ጠይቆ ታዋቂ የሆነው "ቧንቧ ሠራተኛው ጆ" ነበር። እሱንም አሸነፉ። ከ2012 እስከ 2020 በተደረጉት አምስት ምርጫዎች ኦሃዮ አምስቱንም ጊዜ 12 ሪፐብሊካንና 4 ዴሞክራት ላከች። ሰው ተለወጠ፣ ዘመን ተለወጠ፣ አንድ ወንበር አልነቃነቀም። ዕጣ የሌለው ቅርጫ ይሉሃል ይህ ነው።

ኮሎምበስ ያለን ሐበሾችም ከዚህ ውጭ አይደለንም። 3ኛው ዲስትሪክት፣ ከ2013 ጀምሮ ጆይስ ቢቲ የሚወክሉት፣ በዚሁ ቢላዋ ነው የተቆረጠው። የከተማው ዴሞክራት እዚያ ታጨቀ። ኅዳር በመጣ ቁጥር ውጤቱ ቀድሞ የሚታወቅ ምርጫ ላይ ወረፋ የምንይዘው ለዚህ ነው።

ሕዝቡ ዝም አላለም። በ2018 ከ10 ኦሃዮኣውያን ሰባት ተኩል የሚሆኑት አዲስ የካርታ ሕግ አጸደቁ። ሕጉ ካርታው የሁለቱንም ፓርቲ ድምፅ ካላገኘ አራት ዓመት ብቻ ይቆያል የሚል ቅጣት ቢጤ ነበረበት። በ2019 የፌደራል ፍርድ ቤት እባቡን ጨምሮ ካርታውን ሕገ ወጥ ነው አለ፤ ሁለት ወር ሳይሞላ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሌላ ጉዳይ 5 ለ4 "ይህ የፌደራል ዳኛ ሥራ አይደለም" ብሎ በሩን ዘጋው። በ2022 የኦሃዮ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አዲሱን ካርታ ሁለት ጊዜ ሻረው። ድምፁን ያስገኙት ዋና ዳኛዋ ሞሪን ኦኮነር ሪፐብሊካን ናቸው። ምን ዋጋ አለው፣ ምርጫው ደርሶ ነበርና በተሻረው ካርታ ተመረጠ።

ኦኮነር ጡረታ ወጥተው ፖለቲከኛ የሌለበት የዜጎች ኮሚሽን ካርታውን ይሳል የሚል ሐሳብ ይዘው በ2024 ሕዝብ ፊት ቀረቡ። ድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ግን ሐሳቡን ያብራራው የተቃዋሚዎቹ ወገን ነበር፤ አዲሱ ኮሚሽን ጄሪማንደር "እንዲያደርግ ይገደዳል" ይላል። በየሰፈሩ የተተከለው ሰሌዳም "ጄሪማንደሪንግ ይቁም፣ አዎ በሉ" እና "ጄሪማንደሪንግ ይቁም፣ አይሆንም በሉ" ነበር። አንድ ወዳጄ ወረፋ ላይ ሆኖ ደወለልኝ። "እሺ እኔ የምቃወመው ነገር የትኛው ጋ ነው ያለው?" አለኝ። ሐሳቡ ወደ 54 በመቶ በሚሆን ድምፅ ወደቀ። የወዳጄን ግራ መጋባት ብቻ ጥፋተኛ አላደርግም፣ ግን አስተዋፅኦ አላደረገም አትበሉኝ።

በ2022ቱ ካርታ እባቡ ተቆረጠ። የክሊቭላንድ ወገኑ ሄደ። በምትኩ ወደ ምዕራብ ዞሮ እስከ ኢንዲያና ጠረፍ ያሉትን የእርሻ ካውንቲዎች፣ ዊሊያምስን፣ ፉልተንን፣ ዴፋያንስን አቀፈ። ካርታ ላይ ስታዩት ቅርጹ ያምራል። ጄሪማንደር በቅርጽ ብቻ አይታወቅም፤ ቀጥ ያለ መስመርም ያቆስላል። ለካፕተር አስተማማኝ የነበረው ወንበር ወደ ሪፐብሊካን አዘነበለ። አንድ የሚገርም ነገር ግን አለ፣ ይህ የእኔ አስተያየት ነው፦ ለፓርቲ ጥቅም የተሳለው ይህ ካርታ ሳያስበው ከወንዙ ጋር ገጠመ። ማዳበሪያ የሚበትነውና ውኃውን የሚጠጣው ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ መጠን አንድ ተወካይ ሥር ገቡ። ከእባቡ ይልቅ ይሄ ለአእምሮ የሚቀርብ ይመስለኛል። ይህን ስል የሚናደዱብኝ ዴሞክራት ወዳጆች አሉኝ።

ካፕተር ይወድቃሉ ተባለ። በ2022 ጄ አር ማጀውስኪ የሚባል ተፎካካሪ መጣ፤ አፍጋኒስታን ዘምቻለሁ ሲል አሶሺየትድ ፕሬስ የወታደር መዝገቡን አገላብጦ ኳታር እንደነበር ጻፈ። ካፕተር ከ13 የመቶኛ ነጥብ በላይ በልጠው አሸነፉ። በ2024 ደግሞ የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት አባል የነበሩት ዴሪክ ሜሪን ቀረቡ። ለቀናት ቆጠራው አልቋጭ አለ። በመጨረሻ ካፕተር 181 ሺህ ገደማ፣ ሜሪን ከ178 ሺህ በላይ። ልዩነቱ 2,382 ድምፅ። ሊበርታሪያን የሚባል የሦስተኛ ፓርቲ ዕጩ ከ15 ሺህ በላይ ወስዶ ነበር። በዚያው ወረቀት፣ በዚያው ዲስትሪክት፣ ትራምፕ በ7 ነጥብ ገደማ አሸንፈዋል። በዚያ ዓመት ትራምፕ ያሸነፉበትን ዲስትሪክት የያዙ ዴሞክራቶች በአገሪቱ 13 ብቻ ነበሩ።

እዚህ ላይ ነው መስመር ሁሉን አያብራራም የምለው። ካርታውን እንደ 1990ዎቹ ብትመልሱት እንኳ ሰዉ የዚያን ጊዜው አይደለም። በ2012 ሚት ሮምኒ እዚያው ዴፋያንስ ላይ ቆመው ጂፕ ምርቱን ወደ ቻይና ሊወስድ ነው ብለው ነበር። ኩባንያው አስተባበለ፣ የቶሌዶ ሠራተኛ ተቆጣ፣ የመኪና ኩባንያዎቹን ከኪሳራ ያዳነው ኦባማ ኦሃዮን ወሰደ። አራት ዓመት ቆይቶ ትራምፕ መጥተው ስለ ንግድ ስምምነቱ ካፕተር በ1993 ያሉትን የሚመስል ነገር ጮክ ብለው ተናገሩ። ፋብሪካው የተዘጋበት ሰው የሰማው ድምፁን እንጂ ፓርቲውን አልነበረም። የኦታዋ ካውንቲን እዩ። ሐይቁ ዳር ያለች፣ ከ1964 እስከ 2016 በእያንዳንዱ ምርጫ ፕሬዚዳንት የሚሆነውን ሰው የመረጠች። በ2020 ባይደን ሲያሸንፉ እሷ ከትራምፕ ጋር ቀረች። እሷን ማንም በመስመር አላንቀሳቀሳትም፤ የካውንቲ ድንበር በ10 ዓመት አይቀየርም።

ስለዚህ ካፕተርን እስካሁን ያቆያቸው "ለትራምፕም ለእሳቸውም" የሚለው መራጭ ነው። በካርታ ሳዮቹ ስሌት ውስጥ የማይገባ ሰው። ብዛቱ ግን ውስን ነው፣ በየምርጫው ደግሞ ያንሳል።

አዲሱ መስመር የመጣው በዚህ ላይ ነው። በ2025 ቴክሳስ በትራምፕ ግፊት ካርታዋን ስትቀድ፣ ካሊፎርኒያ ስትመልስ፣ ኦሃዮ ጉዳይዋ ሌላ ነበር፤ ያ የአራት ዓመት ቅጣት ቀኑ ደርሶ ነው። ጥቅምት 31 ቀን 2025 የካርታው ኮሚሽን፣ ያው ፖለቲከኞች የተቀመጡበት፣ ሰባቱም አባላት፣ ሁለቱ ዴሞክራቶች ጭምር፣ አዲሱን ካርታ አጸደቁ። ዴሞክራቶቹ ለምን እጃቸውን አወጡ? የባሰ እንዳይመጣ። ሪፐብሊካኖቹም ነገሩ ወደ ሕዝበ ውሳኔ እንዳይሄድባቸው ፈርተው ነበር። አክሮን ያለው 13ኛው ዲስትሪክት ለዴሞክራት ትንሽ ቀለለ። ሲንሲናቲና ቶሌዶ ከበዱ። በ9ኛው ውስጥ የትራምፕ ብልጫ ከ7 ወደ 11 ነጥብ ገደማ ወጣ። ካርታው እስከ 2030 ምርጫ ይቆያል።

ካፕተር ሰኔ 2026 80 የሚሞላቸው ናቸው። እወዳደራለሁ ብለዋል። ኅዳር 2026 ላይ ውጤት መምጣት ሲጀምር የገጠሩ ካውንቲዎች ቶሎ ካለቁ መጀመሪያ የተሸነፉ ሊመስል ይችላል። እኔ የምጠብቀው ሉካስን ነው። የዚያ የባርኔጣው ካውንቲ ቁጥር እስኪመጣ ቴሌቪዥኑን አላጠፋም።